አባባ እምቢ አላሉም

ኅዳር 6 ቀን 2003 ዓ.ም.

ዛሬ አባባን ይዤ ከኮምቦልቻ ለሁለተኛ ጊዜ ደሴ ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ እንደ ተማሪ ጉልበታቸውን ገጥመው ተቀመጡ፤ ዳገቱን ስንወጣ መስኮቱን ያዩ ነበር።

የመስቀል ማግስት ቦርከና ወንዝ ዳር ሰክረው ከነጫማቸው ተኝተው፣ ሰው ጠርቶኝ ሄጄ አነሳኋቸው። የእጮኛዬን የአግማስን እናት እትዬ ብዙዬን የምታውቅ አንዲት ሴት በዚያ አልፋ ኖሮ፣ ወሬው በማግስቱ ደሴ ጆሯቸው ገባ። አግማስ ራሱ ነው የነገረኝ። እናቱ "ሽማግሌ የምንልክበት ቤት አባወራ አለው ወይ?" ብለው ጠይቀውታል። ቀልድ አስመስሎ ሊነግረኝ ፈልጎ ነበር፤ ግን አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም።

ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው። ባለፈው ለእጃቸው መንቀጥቀጥ ማስታገሻ ሰጥቷቸው ነበር፤ እሱን ጨርሰዋል፣ ከዚያ ወዲህም ጠብታ አልቀመሱም። ዛሬ ዋናውን ክኒን ጻፈላቸው። ዳይሰልፊራም ይባላል። ክኒኑ የመጠጥ አምሮትን አያጠፋም አለኝ፤ መጠጥን ከሰውነት ጋር ያጣላል እንጂ። የዋጠ ሰው ጠላም ቢሆን ከቀመሰ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይደልቃል፣ ያስመልሰዋል፣ ሲብስም ለሕይወቱ ያሰጋል። ጠዋት ጠዋት ቤተሰብ እያየ ይዋጥ አለ። ስለ ጉበትም አንድ ነገር ተናግሯል፤ ደማቸው እንዲታይ ለሁለት ሳምንት ቀጠረን። ሌላም ብዙ ነገረኝ። እኔ ግን "ከዋጡት ይሠራል" ካለኝ በኋላ የሰማሁት እምብዛም ነው።

ሽማግሌዎቹ ከገና በኋላ ይመጣሉ። ሰርጉ በጥር ማብቂያ። እስከዚያ ሰው ሆነው ቢቆዩልኝ ሌላ ምንም አልጠይቅም።

ኅዳር 9

ለሥራ ስወጣ። ቸኩያለሁ።

ክኒኑን በማንኪያ ፈጭቼ በውሃ ሰጠኋቸው። ዋጡ። "አባባ፣ አፍዎን ይክፈቱልኝ" አልኳቸው። ከፈቱ። የወለዱኝን ሰው አፍ በባትሪ አየሁ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ትንፋሻቸውን አሸተትኩ።

"አለፍኩ?" አሉኝ።

አዎ አልኳቸው። ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ አላየኋቸውም።

ኅዳር 10

አፋቸው ውስጥ ብረት ብረት የሚል ጣዕም እንዳለባቸው ነገሩኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሽመና ፋብሪካ መካኒክ ነበሩ፤ ሁለት እጃቸው ሥራ ላይ ሲሆን ብሎኑን በከንፈራቸው ይይዙት ነበር። "ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ብሎን በአፌ ይዤ አላውቅም፤ አሁን ግን ቀኑን ሙሉ የያዝኩ ይመስለኛል" አሉ። ትንፋሻቸውም ነጭ ሽንኩርት ነገር ይሸታል። የአረቄ ሽታ አይደለም። አረቄን አውቀዋለሁ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

የማኅበር ቀን ነበር። አትሂዱ ልላቸው ፈልጌ፣ እማዬ በሕይወት ሳለች ጀምሮ የገቡበት ማኅበር ነውና አፈርኩ። ጠላ እንዳይቀምሱ አስምዬ ላክኋቸው።

ቀትር ላይ የጎረቤታችን የከይሪያ ባል በባጃጁ ጭኖ አመጣቸው። ፊታቸው እስከ አንገታቸው በርበሬ ሆኗል፤ ዓይናቸው ደም ለብሷል። ደረታቸው ላይ እጄን ሳደርግ ልባቸው ሊወጣ የሚታገል ነገር ይመስላል። ደጃፍ ላይ አስመለሳቸው፣ ከዚያም አልጋው ላይ፣ ከዚያም ምንም ሳይኖር። ልብሳቸው በላብ ራሰ። ከይሪያ ራሳቸውን ደግፋ "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ትላለች።

ሲረጋጉ "ጽዋው ነው ልጄ፤ ለበረከት ብዬ ከንፈሬን ብቻ ነው ያስነካሁት" አሉኝ። ደግሞ "ሁለተኛ አይለምደኝም" አሉ። ፈርተው ነበር። አባባ ሲፈሩ አይቼ አላውቅም።

እዚህ ደብተር ላይ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? ከይሪያ ስታለቅስ እኔ ውስጤ ደስ ብሎት ነበር። ይሠራል። ሐኪሙ እንዳለው ይሠራል።

ኅዳር 20

ዛሬ የደም ምርመራው ቀጠሮ ነበር። የምሠራበት የጭነት መኪናዎች ማኅበር ቢሮ ከጅቡቲ የገቡ መኪናዎች ተሰልፈው፣ ሹፌሮቹ የጭነት ተራ አስይዢን እያሉ መስኮቴን ሲደበድቡ ዋሉ። ኃላፊው ፈቃድ አይሰጠኝም ነበር። አልጠየቅኩትም፤ ግን አይሰጠኝም ነበር።

ደግሞም አባባ ደህና ናቸው። እንዲያውም እንዲህ ደህና ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ቀን ቀን እንቅልፍ ያበዛሉ፤ ይህ ከክኒኑ ሊሆን እንደሚችል ሐኪሙ ነግሮኛል። ሲነቁ ግን እጃቸው ሥራ ይዟል። የከይሪያን የስፌት መኪና ፈታተው በጋዜጣ ላይ ዘርግተው፣ ዘይት ቀብተው ገጠሙት። ትናንት ማታ ራት ስንበላ ስለ እማዬ አወሩኝ፤ ፋብሪካ ውስጥ እንዴት እንዳገኟት፣ ድምፅዋ ከማሽኑ ጩኸት በላይ እንዴት ይሰማቸው እንደነበር። ሳይጠጡ ስለ እሷ ሲያወሩ የመጀመሪያቸው ነው። ሳያለቅሱም።

ደህናን ሰው ለምን መርፌ አስወጋዋለሁ? በሚመጣው ሳምንት እንወጣለን።

ኅዳር 27

አግማስ መጥቶ ዋለ። አባባ ሻይ አፈሉለት። ሲሄድ በሩ ላይ "ሌላ ሰው ናቸው እኮ" አለኝ። ለእናቱ እንደሚነግራቸው ነገረኝ። ሽሮ እያማሰልኩ ዘፈንኩ።

ደሴ አልወጣንም። ሥራ።

ታኅሣሥ 3

አባባ ምሳቸውን መለሱ። ሽታው አስጠላኝ አሉ። የነቢያት ጾም ላይ ናቸው፤ ጾሙ አድክሟቸው ይሆናል። ደግሞም ሰውነታቸውን ሲያኩ ይውላሉ። ክንዳቸው ተጫጭሯል።

አጎቴ ጋሹ፣ የአባባ ታናሽ ወንድም፣ ሊጠይቃቸው መጥቶ ነበር። ሲወጣ ግቢው ውስጥ ለሚስቱ ሲነግራት ሰማሁት። "መጠጥ የለመደ ሰው ሲያቋርጥ እንዲህ ነው፤ ሰውነቱ ይጠይቀዋል። ብዙም አይቆይ፣ ይመለስበታል" ነው ያለው።

ብዙም አይቆይ። ይህ ቃል ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

ታኅሣሥ 9

አስመለሳቸው። ክኒኑን ውጠው ብዙም ሳይቆዩ። ቅዳሜ ስለሆነ ቤት ነበርኩ።

የማስመለስን ትርጉም ሐኪሙ ነግሮኛል። ሚካኤል ዕለትም በዓይኔ አይቻለሁ።

አሸተትኳቸው፤ ነጭ ሽንኩርቱ ብቻ ነው። ቤቱን ፈተሽኩ። ከአልጋው ሥር፣ ከእህል ጆንያው ኋላ፣ የመሣሪያ ሣጥናቸውን መፍቻ በመፍቻ። ምንም የለም። ምንም አለመኖሩ ይበልጥ አናደደኝ፤ እንግዲያው የሚጠጡት ውጭ ነው፣ እኔ ቢሮ ስውል።

አባባ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው ስፈትሽ ያዩኝ ነበር። ሳጥኑን ስዘጋ "በእናትሽ አጽም፣ አልቀመስኩም" አሉኝ።

በእማዬ አጽም ከዚህ በፊትም ምለው ያውቃሉ።

ታኅሣሥ 13

ዛሬ ሐኪሙ ጋ ልደውል ስልኩን አንስቼ ነበር። ቁጥሩን ግማሽ ድረስ መትቼ ተውኩት። ምን ብዬ ነው የምነግረው? አስመለሳቸው ስለው ክኒኑን አቁሙ ቢለኝስ? ሽማግሌ ሊመጣ ጥቂት ቀርቶ ክኒኑ ቢቆም፣ የገና ዕለት ጠጅ ቤት ነው የማገኛቸው።

ሽማግሌዎቹ መጥተው ይሂዱ። ከዚያ እደውላለሁ።

ክኒኑን አሁን በቦርሳዬ ይዤው ነው የምዞረው። ጠዋት ስሰጣቸው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ይቀበሉኛል፤ ቁርባን እንደሚቀበል ሰው። ውጠው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ እኔ ሳልጠይቃቸው ምላሳቸውን ያነሱልኛል።

ታኅሣሥ 19

ከሥራ ስገባ ከይሪያ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

"ትህትና፣ የአባትሽን የጋሼ ወርቄን ዓይን አይተሻል?" አለችኝ።

ምን ሆነ አልኳት።

"ነጩ ቢጫ ሆኗል። ሽንታቸውም እንደ ሻይ ጠቁሯል፤ ራሳቸው ናቸው ለባሌ የነገሩት፣ አንቺን አፍረው። የወፍ በሽታ ነው። ሐኪም ቤት ውሰጃቸው።"

አንቺ ቀን ቀን እዚህ ነሽ፣ የት እንደሚሄዱ ታያለሽ፣ እስቲ እውነቱን ንገሪኝ አልኳት።

"የትም አይሄዱም። ከቤት ቢወጡ እኔ ደጃፍ ናቸው። ወላሂ፣ የመጠጥ ሽታ ሸትቶኝ አያውቅም።"

አመሰገንኳትና ገባሁ። ከይሪያ ደግ ናት። ግን በቤቷ መጠጥ ገብቶ የማያውቅ ሴት የመጠጥ ሽታን በምን ታውቀዋለች?

ለአጎቴ ጋሹ ነገርኩት። ትከሻውን ሰበቀ። የጠጪ ጉበት መጨረሻው ይኸው ነው፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ በድብቅ እየጠጣ ለመሆኑ ሌላ ምን ምስክር ትፈልጊያለሽ አለኝ። እሱ ያለው ትክክል ይመስላል። አባባን አምፖሉ ሥር አስቁሜ አየኋቸው። እውነትም ቢጫ ነው። እሳቸው እኔን አዩኝ፤ የምላቸውን ይጠብቁ ነበር።

ታኅሣሥ 24

ዛሬ ነገርኳቸው።

ከአጎቴ ጋር ተማክረን ነው። እንዲህ ቢጫ ሆነው፣ ከስተው፣ እንግዳ ፊት ሊያስመልሳቸው እየቻለ ሽማግሌ ሊቀበሉ አይችሉም። ሽማግሌዎቹን አጎቴ ጋሹ ይቀበላል። አባትየው ሐርቡ ዘመድ ሞቶባቸው ለቅሶ ሄደዋል ይባላል።

ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። አባባ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

"እኔስ የት ልሁን?" አሉ።

"ጓዳ" አልኳቸው።

"እሺ" አሉ። ደግሞ "ጋሹ ንግግር አያምርበትም፤ እንዳይቸኩል ንገሪው" አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ዶሮ ሠራሁ። አልበሉም። ክኒኑን ዋጡ።

ጥር 1

ሽማግሌዎቹ መጡ። አሁን ሁሉም ሄደዋል፤ ዕቃ አጥቤ ጨርሻለሁ። ቁጭ ብዬ እንደሆነው ልጻፈው።

አባባ ጠዋት ከእኔ ቀድመው ተነስተው ጢማቸውን ተላጭተው አገኘኋቸው። ለማን ብለው እንደተላጩ አልጠየቅኩም። የፋሲካውን ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ አንገቱ ሰፍቷቸዋል። ክኒናቸውን ሰጥቻቸው፣ ጓዳ አልጋው ላይ አስቀምጬ፣ አጠገባቸው ባልዲና ፎጣ አድርጌ በሩን ገጠምኩት።

ሽማግሌዎቹ አራት ነበሩ። የአግማስ የክርስትና አባት ንግግር ጀመሩ። አጎቴ ጋሹ ቸኮለ፤ አባባ እንደፈሩት። ወንድሜ ለቅሶ ነው፣ የኔ ቃል የሱም ቃል ነው አለ። አንደኛው ሽማግሌ ሐርቡ ማን ሞተ ብለው ጠየቁ፤ አጎቴ አንድ ስም ፈጠረ፤ ሽማግሌው ነፍስ ይማር አሉ። እኔ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ የጓዳውን ግድግዳ ነበር የማየው። ጭቃ ነው። ከወዲያ ማዶ ሰው ሲተነፍስ ይሰማል።

መሐል ላይ ሲያስመልሳቸው ሰማሁ። ፎጣውን አፋቸው ውስጥ ወትፈው ነው፤ የታፈነ ነገር፣ እንደ ሳል። ዕቃ ጥዬ አንኳኳሁ፣ ሽማግሌዎቹ እንዳይሰሙ።

ልጃችንን ሰጥተናል ተባለ። ሁሉም ተነሱ። የክርስትና አባቱ መረቁ፤ ውለዱ ክበዱ፣ ቤታችሁ የእንግዳ ማረፊያ ይሁን፣ አባትሽም ለቅሶውን ጨርሶ በሰላም ይግባ አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። ሁላችንም ብለን ከጨረስን በኋላ፣ ከጓዳው አንድ "አሜን" ዘግይቶ መጣ። ቀስ ያለ ነው፤ ግን መጣ።

ስለ ሐርቡ የጠየቁት ሽማግሌ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። በርኖሳቸውን አስተካክለው ወጡ።

ጓዳ ስገባ አባባ ፎጣውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ ይዘውታል። "አምልጦኝ ነው" አሉኝ። "ምርቃት ሲሆን ዝም ማለት አልቻልኩም።"

ጥር 4

በእማዬ ስም ይጠሩኛል። ቀን ተኝተው ይውላሉ። ሸሚዛቸውን መቆለፍ አቅቷቸው ቁልፉን እንደ እንግዳ ነገር ሲያዩት አገኘኋቸው፤ መካኒኩ አባቴ። ከይሪያ ገብታ አየቻቸውና እኔን ሳታማክር ባሏን መኪና እንዲያመጣ ላከችው።

ደሴ እየሄድን ነው። ክኒኑን ጠዋት ሰጥቻቸዋለሁ።

ጥር 5፣ ደሴ

ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ነው የምጽፈው።

ትናንት የተቀበለችን ዶክተር ወጣት ናት። ዓይናቸውን ገልጣ አየች፣ ሆዳቸውን በእጇ ዳበሰች። ምን ሆነው ነው አለችኝ።

"ይጠጣሉ" አልኩ። እሳቸው እየሰሙ።

ወደ እሳቸው ዞር ብላ "አባቴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጡት መቼ ነው?" አለቻቸው።

አባባ ብዙ አሰቡ። ቃሉ ከሩቅ የመጣ ይመስል፣ "የኅዳር ሚካኤል፣ ከንፈሬን" አሉ።

እኔን ተመለከተችኝ። እውነቱን ከእኔ ትጠብቅ ነበር መሰለኝ። የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ስትለኝ ከቦርሳዬ ብልቃጡን አውጥቼ ሰጠኋት። ስሙን አነበበች። መልሳ አነበበች።

"ደማቸው የታየው መቼ ነው?"

አልታየም አልኳት።

"መዋጥ ያቆሙት መቼ ነው?"

"ዛሬ ጠዋት ሰጥቻቸዋለሁ" አልኩ።

ብልቃጡን ኪሷ ውስጥ ከተተችው። አልተቆጣችኝም። ደም ቀድተው ወሰዱ። ማታ ውጤቱን ይዛ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። የሌላ የጉበት በሽታ ምልክት እንዳላገኙ፣ ይህ ክኒን ብዙ ሰው ረድቶ ጥቂት ሰው ላይ ግን ጉበትን እንደሚያቃጥል፣ በማን ላይ እንደሚደርስ አስቀድሞ እንደማይታወቅ ነገረችኝ። ለዚህ ነው ደም የሚታየው አለች። ቢጫው ሲጀምር ወይም ከዚያ በፊት ክኒኑ ቆሞ ቢሆን ኖሮ፣ አብዛኛው ሰው

ይህን ዓረፍተ ነገር አልጨርሰውም።

ጥር 7

ጉሉኮስ ተሰክቶላቸዋል። አዲስ አበባ ይሂዱ ወይ አልኳት፤ መንገዱን አይችሉትም አለችኝ።

አግማስ መጣ። ወደ ውጭ ወስጄው የሐርቡን ነገር ነገርኩት። ጓዳ እንደነበሩ። እንዳልጠጡ። አሜኑንም። ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ቆየ። ከዚያ ለእናቱ እንደማይነግራቸው፣ እንዳልጨነቅ ነገረኝ። ንገራቸው አልኩት። አሁን መጨነቄ ስለ እናቱ አይደለም።

ጥር 8

ዛሬ ከሰዓት አእምሯቸው ተመለሰ። ስሜን ጠርተው ውሃ ለመኑኝ። በማንኪያ ሰጠኋቸው። ሌሎቹ አስታማሚዎች ወጥተው ነበር። ካልጠየቅኳቸው ሌላ ቀን እንደማላገኝ አውቄያለሁ።

"አባባ፣ እንዲያ ሲያምዎት ክኒኑን ለምን እምቢ አላሉኝም?"

"እምቢ ብል ምን ትይኝ ነበር?" አሉ።

ማንኪያውን አስቀመጥኩ።

"ሊጠጣ ፈልጎ ነው ትይኝ ነበር። ያን ፊትሽን ከማየው መዋጡ ይሻለኛል።"

እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ። ይቅር በሉኝ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ፊቴን እያዩ "ዓይንሽ አብጧል። ሄደሽ ትንሽ ተኚ፤ እኔ የትም አልሄድም" አሉኝ።

ጥር 10

ከዚያ ወዲህ አልነቁም። ነርሷ እግራቸውን ስትነካው አይሸሹም። ውጭ ከተራ ነው፤ ታቦት ሲወርድ እልልታው እስከዚህ ይሰማል። ከይሪያ ከኮምቦልቻ ወጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። አብሽሪ፣ አይዞሽ ትለኛለች። እጄን አልለቀቀችም።

ጥር 12

ዛሬ ጠዋት። አባባ።

የካቲት 3

ብዕር ማንሳት አልቻልኩም ነበር።

ለቅሶው አለቀ። እትዬ ብዙዬ ከደሴ ወርደው መጡ፤ አቅፈውኝ አለቀሱ፤ አግማስ ነግሯቸው እንደሆነ ከፊታቸው ማወቅ አልቻልኩም። ድንኳኑ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች፣ ይህ አረቄ ስንቱን ደህና ሰው ጨረሰ ሲባባሉ ሰማሁ። ዞሬ ልናገር ብዬ አጎቴ ጋሹን ዓይኑን አየሁት። ራሱን ነቀነቀብኝ።

ማታ ለብቻው እውነቱን ነገርኩት፤ ዶክተሯ ያለችውን ሁሉ። መሬት መሬት እያየ ሰማኝ። ስጨርስ እንዲህ አለኝ፦

"ታዲያ ምን ልትይ ነው? በእጄ ሰጥቼ ገደልኩት ልትይ ነው? ተይው። ሰው መጠጥ ነው ካለ መጠጥ ይሁን። ላንቺም ይሻላል፤ ለእሱ ከእንግዲህ ምን ይለውጣል?"

ዝም አልኩ። ለቤቱ ክብር ብዬ ነው እላለሁ ለራሴ።

የካቲት 21

ነገ አርባቸው ነው። አጎቴ ጌሾና ብቅል አስጭኖ ካመጣ ሰንብቷል። ጠላው ይቅር ብዬ ለምኜው ነበር። ጠላ የሌለበት ምን ተዝካር ነው፣ ሰው ምን ይለናል አለኝ። ሴቶቹ ጠመቁ። ጋኖቹ ጓዳ ናቸው፣ አልጋቸው በነበረበት።

የካቲት 22

ጠላውን እኔ ራሴ ቀዳሁ። ሰዎቹ ብርጭቆውን ከፍ አድርገው ነፍስ ይማር አሉ፣ ጠጡ፣ ደግመው አስቀዱ። ከደጋገሙ በኋላ አንዱ፣ "ወርቅአፈራሁ ሙያው ወርቅ ነበር፤ ይህ መጠጥ ባይቀጥፈው" አለ። ሌሎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ቆሜ ነበር። "ልጨምርልዎት?" አልኩት።

እንዲህ ነው ያልኩት።

የካቲት 27

አግማስ እሑድ እሑድ ይመጣል። ሰርጉን ወደ ዳግማይ ትንሣኤ አዛውረውታል ይለኛል። እሺ እለዋለሁ። ስለ ልብስ ሲያወራኝ ግን የምሰማው አይመስለኝም። ለእናቱ ነግሯቸዋል፤ ድንኳን የመጡት አውቀው ነው። "ታዲያ ልጅቷን ትተዋታለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ" አለኝ። ምን አልካቸው ብዬ አልጠየቅኩትም።

መጋቢት 2

ዛሬ ቢሮ ልዘጋ ስል አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ ቀረች። በመልክ አውቃታለሁ፤ ፋሲካ ትባላለች፣ ከማኅበራችን ሹፌሮች የአንዱ ሚስት ናት። ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቃ ነበር። ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ፣ ባሏ እንደሚጠጣ፣ መሪ ይዞም እንደሚጠጣ ነገረችኝ። ከዚያ፣ ስለ ክኒኑ ከጎረቤት ሰምታ ኖሮ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"አባትሽ ይውጡት የነበረው ክኒን ተርፎ ከሆነ ትሰጪኛለሽ? በወጥ ቀላቅዬ እሰጠዋለሁ" አለችኝ።

ክኒኑ ሐኪም ቤት ቀርቷል፣ ቢኖረኝም አልሰጥሽም፣ ሳያውቅ ውጦ ቢጠጣ እጅሽ ላይ ይሞታል አልኳት። ከዚያ ከቤተሰብ ውጭ ለማንም ያላልኩትን አልኩ፦ "አባቴን የገደላቸው እሱ ክኒን ነው።"

የምትሸሽ መስሎኝ ነበር። አልሸሸችም። ሰው ሲቸግረው የሚጠይቀው ሌላ ነው።

"መጠጡን ግን አስቁሟቸው ነበር?" አለች።

"አዎ።"

"አንድም ቀን አልቀመሱም?"

"ከሚካኤል ወዲህ፣ አንድም ቀን።"

ግራ ገባት። "ታዲያ አገሩ ሁሉ ለምንድን ነው ጠጥተው ሞቱ የሚለው?"

መስኮቱን ልዘጋ ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ።

"እኔ ስላልኩ ነው" አልኳት። "መጀመሪያ ያልኩት እኔ ነኝ።"

ወንበር ሰጥቻት ሁሉንም ነገርኳት። ሐኪሙ ያለኝን፣ ያልሰማሁትንም ጭምር። ባሏ ራሱ ፈቅዶ፣ ራሱ ሄዶ ሐኪም ማየት እንዳለበት። የደም ቀጠሮ ሲሰጡት ሥራ አለኝ እንዳይል። ምግብ ከጠላ፣ ከደከመ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ከጠቆረ፣ በዚያው ቀን ክኒኑን አቁመው እንዲሮጡ። "ካስመለሰውም" አልኳት፣ "ጠጥቶ ነው ብለሽ አትፍረጂ። አልጠጣሁም ካለሽ ስሚው።" ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ቃል በቃል እየያዘችው ነበር።

ስጨርስ ተነሳች፣ ነጠላዋን አጣፋች። በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች።

"አባትሽ ግን ጎበዝ ሰው ነበሩ" አለችኝ። "እንደዚያ እያመማቸው አለመቅመስ።"

ከሄደች በኋላ መብራቱን ሳላጠፋ ቆየሁ። በለቅሶው፣ በአርባቸውም ያን ያህል ሰው ሲገባ ሲወጣ፣ ይህን ያለ አንድ ሰው አልነበረም። በሕይወት ሳሉም ማንም አላላቸውም። እኔም አላልኳቸውም።